«እሱ እኮ ብር ነው!» ሲላት፣ «አዎ፣ ብር ነው» አለችው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ማታ ማታ ልጄን እያጠባሁ አነበዋለሁ። ዛሬ የራሴን ጉድ ይዤ መጣሁ። ከፈለጉ ይሳቁ፣ እኔ ግን መሳቅ ካቃተኝ አራት ቀን ሆነኝ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለተኛ ልጃችን ሲወለድ እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ እናቴን «እማማ» እያለ ነው የሚጠራት፣ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። አንድ አመል ግን አለበት። ሳንቲም ይሰበስባል። ከባንክ በ500 ዶላር አንድ ካርቶን ሃምሳ ሳንቲም ያስመጣል፣ አንድ ሺህ ፍሬ ማለት ነው። ከሥራ ሲገባ የኪችኑ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ጠርዝ ጠርዛቸውን ያያል። ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ያለው ብር የለበትም፣ ነጭ የሆነው አለበት ይላል። ብር ያለበት በቡና ቆርቆሮ ይገባል፣ በደብተርም ይመዘገባል። የቀረውን ለባንክ መመለስ ሲችል እየዞረ ይገዛበታል። ሐበሻ ሱቅ ሄዶ የ14 ዶላር ዕቃ በሃምሳ ሳንቲም ይከፍላል! ልጅቷ ስትቆጥር ከኋላችን ሰልፉ ይረዝማል፣ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ፣ እሱ ደግሞ «ገንዘብ አይደል እንዴ? ሳንቲም ካልዞረ ምን ያደርጋል» ብሎ ይስቃል። እማዬም አብራው እየሄደች ይህን ሁሉ አይታለች። ሃምሳ ሳንቲሟን እንደ አገር ቤት «ሽልንግ» ነው የምትላት። «አማቼ ሽልንግ ይወዳል» ትላለች።

ባለፈው ማክሰኞ እኔና ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶን ነበር። እንጀራ አልቋል። እማዬ እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ፣ በእጇም ዶላር ስላልነበራት፣ የቡናውን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወረደች። 38 ሽልንግና ሁለት ትልልቅ ባለ አንድ ዶላር። ሁለት እሽግ እንጀራ፣ ወተት፣ ሽንኩርት፣ ለትልቁ ልጄ ብስኩት ገዝታ፣ ሁለት ስሙኒ መልስ ይዛ መጣች። መልሱን ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጣለታለች፣ ታማኝነቷን ይዩልኝ።

ማታ ቆርቆሮውን ሲያነሳው ቀለለው። «እማማ፣ እዚህ የነበረው የት ሄደ?» «እንጀራ ገዛሁበት ልጄ።» «ውይ እማማ፣ እሱ እኮ ብር ነው!» እማዬ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየችው። «አዎ፣ ብር ነው። ታዲያ እንጀራ በምን ይገዛል?»

አልጮኸባትም። «ምንም አይደል እማማ» አለና መኝታ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቱ ቤት አይመስልም። እንደ ደብተሩ ከሆነ 26ቱ የ1964፣ 12ቱ ከ1965 እስከ 1970 የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ትልልቆች ሲልቨር ኢግል የሚባሉት ናቸው፣ አንዷን ለትልቁ ልጄ የሰጠው የክርስትና አባቱ ነው። ባሌ «ባለሱቁ አይቶ ዝም ያለ ሌባ ነው፣ ሄደሽ አስመልሺ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልጠይቅ? እማዬ ነገሩ ገብቷታል፣ ትናንት የጣቷን ቀለበት አውልቃ «ይህን ሸጠሽ ስጪው» አለችኝ። አለቀስኩ። ባለሱቁ የመመለስ ግዴታ አለበት? ለእማዬስ ምን ልበላት? ባሌ ራሱ ሲዘራው የከረመውን እሷ ብትመነዝረው ጥፋቱ የማን ነው?

ግራ የገባኝ አራስ

*

እህቴ፣ ለሕፃኑ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እና ይቅርታ፣ ነጠላው ላይ ስደርስ ሳቅኩ።

መጀመሪያ ቶሎ የሚያልፈውን ልንገርሽ፣ ደብዳቤዬን አንብበሽ ሳትጨርሺ ወደ ሱቁ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ባለሱቁ የመመለስ ግዴታ የለበትም። ሳንቲሞቹ ላይ «ግማሽ ዶላር»፣ «አንድ ዶላር» ተብሎ ተጽፏል፣ በሕግም የተጻፈባቸውን ያህል ገንዘብ ናቸው። እናትሽ ሸማች፣ እሱ ሻጭ፣ ዕቃው ተሰጥቷል፣ መልስም ተመልሷል። እንዲያውም ከፈለገ ላለመቀበል ይችል ነበር፣ የግል ሱቅ ሳንቲም አልቀበልም ቢል የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የለም። ተቀብሎ ሲሸጥ ግን ነገሩ አልቋል።

ግን ተስፋ አለ፣ እሱም ያለው ገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ነው። የሱቅ መሳቢያ አብዛኛውን ጊዜ ለሃምሳ ሳንቲም የሚሆን ጉድጓድ የለውም። ገንዘብ ተቀባዮች እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማቸው ትሪውን አንስተው ከሥር ይወረውሩታል። አራት ቀን ረጅም ነው፣ ምናልባት ባንክ ገብቷል፣ ምናልባት ደግሞ እዚያው ተኝቷል። ስለዚህ 21 ዶላር በወረቀት ያዢና ራስሽ ሂጂ። ባልሽን አትላኪ፣ «ሌባ» የምትል ቃል አፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ሱቁ ውስጥ ታመልጠዋለች። «እናቴ ሳታውቅ የባሌን መታሰቢያ ሳንቲሞች ሰጥታችኋለች፣ ካሉ በዚህ ብትለውጡልኝ» በይ፣ በቃ። የክርስትናውን ነገርም ንገሪው፣ ሐበሻ ነው ይገባዋል። ዋጋቸውን አውቆ ትንሽ ጨምሪ ቢልሽ አትቆጪ፣ ጨምሪለት። አልሰጥም ካለም አመስግነሽ ውጪ፣ ነገም እንጀራ የምትገዙት ከዚያው ነው።

አሁን ወደ ባልሽ።

«አይቶ ዝም ያለ ሌባ ነው» አለ አይደል? እስቲ እነዚያ 38 ሳንቲሞች በእሱ እጅ እንዴት እንደገቡ እናስብ። የ1964ቱ ሃምሳ ሳንቲም የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ምስል ያለበት፣ እሱ በተገደለ በጥቂት ወራት ውስጥ የወጣ ነው። አሜሪካዊው እንደ መታሰቢያ እየያዘ በየመሳቢያው አስቀመጠው፣ ብር ስላለበትም ሳይመነዝር ከረመ። ባለ ግማሽ ዶላር ከገበያ የጠፋው፣ ዛሬም ገንዘብ ተቀባይዋ እንደ ባዕድ የምታየው በዚህ ነው። ከ2002 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ራሱ ለሰብሳቢ ብቻ ነበር የሚሠራው። ታዲያ የ1964ቱ ዛሬ በባንክ ካርቶን ውስጥ ምን ይሠራል? አንዲት አሮጊት ትሞታለች፣ የልጅ ልጇ ማሰሮዋን ሳያይ ባንክ ወስዶ ይገለብጠዋል። ወይም አንዱ ሲቸግረው ያባቱን ሣጥን ከፍቶ ለቤንዚን ይከፍልበታል። ባልሽ 11 ግራም ከሩብ ንጹሕ ብር በሃምሳ ሳንቲም የሚያገኘው በየቦታው እናትሽን የመሰለ ሰው ስላለ ነው። አንድ ቀን ነጭ ጠርዝ ሲያገኝ ባንኩ ተመልሶ «ይህ የማን ነበር፣ ባለቤቱን ፈልጉልኝ» ብሎ ያውቃል? አያውቅም። ደስ ብሎት ደብተሩ ላይ ጽፏል። ማጥፋቱ አይደለም፣ ጨዋታው እንዲህ ነው። በዚያው ጨዋታ ማክሰኞ ዕለት ተራው የባለሱቁ ሆነ።

ሒሳቡንም አብረን እንሥራው፣ እሱ ሒሳብ ሳይወድ አይቀርም። 26ቱ እያንዳንዳቸው 12.5 ግራም ሆነው 90 በመቶ ብር ናቸው። 12ቱ 11.5 ግራም፣ 40 በመቶ። ኢግሎቹ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ብር ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 31.1 ግራም። ሲደመር ከ400 ግራም በላይ ንጹሕ ብር በነጠላ ታስሮ ወጥቷል። ቀላል አይደለም፣ ከ21 ዶላር በብዙ እጥፍ ነው፣ ሰውዬው ሆዱ ቢባባ አልፈርድበትም። ግን 38ቱን ባንኩ የሸጠለት በ19 ዶላር ነው። ከኪሱ የወጣው እሱ ነው፣ የቀረው ያመሸበት ሌሊትና ያየው ሕልም ነው። ኢግሎቹ ይለያሉ። እነሱ ከ1986 ጀምሮ ለሰብሳቢና ብር ለሚያከማች ሰው የሚሠሩ ናቸው፣ «አንድ ዶላር» የሚለው ጽሑፍ ለወግ ያህል ነው፣ ማንም በአንድ ዶላር አይገዛቸውም። የልጁ የክርስትና ስጦታ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሱቁ ካልመለሰ ያችን አንዷን ከሳንቲም ነጋዴ ገዝታችሁ ተኩ፣ የተሠራችበትን ዓመት ጠይቃችሁ ያንኑ ግዙ።

የሚያወጣቸው ሌሎቹ ሳንቲሞች ላይ እኔ ካንቺ እለያለሁ። ከ1971 ወዲህ ያለው ተራ ሃምሳ ሳንቲም መዳብና ኒኬል ነው፣ ሲመነዘር የሚጠፋ ነገር የለም፣ እንዲያውም ሕፃናት ያዩታል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ወግ ይፈጠራል። ሰልፍ ላይ ማስቆጠሩን ግን ይተው! (ከዚህ የባሰም አይተናል። የአሜሪካ መንግሥት ባለ አንድ ዶላር ሳንቲም በፖስታ ሲልክ፣ ሰዎች በክሬዲት ካርድ ሺዎችን እየገዙ የአውሮፕላን ነጥብ ሰብስበው፣ ሳንቲሙን ከነካርቶኑ ባንክ ያስገቡ ነበር። በ2011 በካርድ መግዛት ቀረ።) የባልሽ ጥፋት ሌላ ነው። የሚመነዘረውንና የማይመነዘረውን የሚለየው ጠርዝ ላይ ያለች ቀጭን መስመር ናት፣ እሷን የሚያውቃት ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ቤተሰቡን በሙሉ «ይህ ገንዘብ ነው» እያለ አስተምሮ፣ ውዱን ክዳኑ ልል በሆነ የቡና ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እናትሽ ትምህርቱን በሚገባ ይዘዋል።

ለእሳቸው ምን ልበላት ላልሽው፣ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ከሁላችሁም ይልቅ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። ችግሩ እኮ ቃሉ ነው። በእኛ ቋንቋ ማዕድኑም ብር፣ ገንዘቡም ብር ነው፣ ባልሽ ስለ ማዕድኑ ሲናገር እሳቸው ስለ ገንዘቡ ሰሙ። ደግሞ አልተሳሳቱም። ስሙ ከዚያው ነው የመጣው። ጠገራ ብር፣ ማርያ ቴሬዛ፣ 1780 ተጽፎባት ስንት ዘመን ገበያ ወጥታ በሬ ገዝታለች፣ ጥሎሽ ሆናለች፣ መጨረሻ ላይ አንጥረኛ ቤት ገብታ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆናለች። የኔ አያት አንገት ላይ የነበረው መስቀል ስንት እንጀራ ይገዛ እንደነበር እንጃ። ያቺ የ1936 ዓ.ም. የኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲምም ብር ነበረች፣ እናትሽ በልጅነታቸው ሳይነኳት አልቀሩም። የት እንደተሠራች ታውቂያለሽ? ፊላዴልፊያ። ከእናንተ ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢነዳ ነው። ይህን ለባልሽ ንገሪው፣ ከዚያ አብሯቸው ተቀምጦ ስለ ድሮ ሽልንግ ይጠይቃቸው። ከደብተሩ የበለጠ ያውቃሉ።

ቀለበቱን መልሰሽ በጣታቸው አድርጊላቸው፣ ባልሽ ባለበት ይሁን፣ እሱም «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይበል። በሹክሹክታ ሳይሆን በድምፁ።

ቆርቆሮውን በተመለከተ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይግዛ። ብር ለሆነውና ለተራው የተለያየ ዕቃ ይጠቀም፣ ተራው ባለበት ላይ በትልቁ «የእንጀራ» ብሎ ይጻፍበት።

ሱቁ ሳይዘጋ ሂጂ አሁን።