ድንጋዩን ማን ይግዛው?

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ጋሼ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» «የሰው ዲግሪ እገምት ነበር» ስል፣ በቀደም አንዱ ልጅ «እንደ ወርቅ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በሠላሳ ዓመት ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሥራዬ ከሌላ አገር የመጣ ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ ከምን ጋር እኩል እንደሆነ መገመት ነበር።

ወርቅ ገማች ወርቁን ድንጋይ ላይ አሽቶ፣ አሲድ ጠብ አድርጎ ነው ካራቱን የሚነግርህ። ድንጋይ ከሌለው ዓይኑን ብቻ አምኖ ይገምታል። የእኛ ድንጋይ ስለ አንድ አገር ትምህርት የተደረገ ጥናት ነው። አንዳንዶቻችሁ ወደዚህ ሙያ ለመግባት እያሰባችሁ ምክር ጠይቃችሁኛል። ስለ ደመወዙና ስለ ቅጥሩ ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ ስለ ድንጋዩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። አገር ቤት የውጭ ዲግሪ ይዞ የገባ ሰው አቻ ግምት የሚያሠራው መንግሥት ጋ ሄዶ ነው። እዚህ እንደዚያ የሚወስን የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። ዩኒቨርሲቲው፣ ቀጣሪው ወይም የሙያ ፈቃድ ሰጪው «አስገምግመህ አምጣ» ይልሃል፤ አንተም ለግል ድርጅት ከፍለህ ታሠራለህ። ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ሚልዋኪ ያለው ኢሲኢ በ1980 ተመሠረቱ። ናሲስ የሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበር ደግሞ በ1987። ብዙዎቻችሁ ለአንዳቸው ከፍላችሁ ይሆናል።

ከፋዩ የሚያየው ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን አያይም። ይህ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ዕውቅና ነበረው? ስንት ዓመት ያስተምራል? ማለፊያው ስንት ነው? ይህን ወረቀት የያዘ ሰው በገዛ አገሩ ቀጥሎ የት መግባት ይችላል? ጀርመን ውስጥ 1 ያመጣ ጎበዝ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ግን የጎበዝ ውጤት 5 ነበር። በደርግ ጊዜ ሞስኮና ኪየቭ የተማሩ ወገኖቻችን «ካንዲዳት ናውክ» የሚል ወረቀት ይዘው ሲመጡ፣ ነገሩን የማያውቅ ጸሐፊ «ገና ዕጩ ነው እንዴ?» ይላል። ሰውየው እኮ የዶክትሬት ደረጃ መመረቂያ ጽሑፉን ተከላክሎ የጨረሰ ነው። የኛ የዘመን አቆጣጠርማ ስንቱን አስጨነቀ! አንድ ሰው በሁለት ወረቀት ላይ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሲገኝበት «ፎርጅድ ነው» ተብሎ ፋይሉ የተቆለፈበት ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

አንድ ቀን የአንዲት ልጅ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ማኔጅመንት፣ ከአገር ቤት፣ የሦስት ዓመት ዲግሪ። መደርደሪያችን ላይ የነበረው የጥናት መጽሐፍ የኢትዮጵያ ምዕራፍ የሚያውቀው እኔ የተማርኩበትን ሥርዓት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ትጨርሳለህ፣ ማትሪክ ትፈተናለህ፣ አራት ዓመት ትማራለህ። እኔም የአገሬን ነገር ማን ይነግረኛል ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ «የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት» ብዬ ፈረምኩ። ማስተርስ ሊቀበላት የነበረው ትምህርት ቤት የአራት ዓመት ዲግሪ ነው የምፈልገው ብሎ በሩን ዘጋባት።

ደወለች። ድምፄን ስትሰማ በአማርኛ ቀጠለች። አልጮኸችም። «ጋሼ፣ እኛ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ምን እንደተማርን ያውቃሉ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነገሩን እንደገለበጠው በወሬ ሰምቻለሁ። ዝርዝሩን ግን አልተከታተልኩም። ብሔራዊ ፈተናው ወደ አሥረኛ ክፍል መጣ። አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ፕሪፓራቶሪ ሆኑ፤ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ወደዚያ ወረደ ተባለና፣ ከ1996 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ብዙው ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ። (በ2012 ዓ.ም ደግሞ ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ። ገምጋሚ ዕረፍት የለውም።) ከዚያ ስልክ በኋላ ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደጠፋብኝ! አስተማሪ ዘመዶቼን አስቸግሬ የፕሪፓራቶሪ መጻሕፍት አስልኬ፣ ከድሮው የፍሬሽማን ኮርስ ጋር በምዕራፍ በምዕራፍ አስተያየሁ። አንዳንዱ በእርግጥ ወርዷል፤ አንዳንዱ ስሙ ብቻ ነው የወረደው። በሦስት ዓመት ዲግሪ ጉዳይ ገምጋሚዎች ዛሬም አይስማሙም፤ እኛም ቢሮ ውስጥ ወራት ተከራከርን። በመጨረሻ ለልጅቷ ማብራሪያ ያለው አዲስ ወረቀት ጻፍንላት። የመግቢያው ጊዜ ግን አልጠበቃትም።

ጥፋቴ «ሦስት» ማለቴ ብቻ አይደለም። ሦስት ነው ብሎ የሚሟገት ምክንያት ያለው ባልደረባ አለኝ። እኔ ግን ምክንያት አልነበረኝም። ያረጀ መጽሐፍ ነበረኝ።

መጽሐፉ ለምን አረጀ? እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ የሚመጣው። ቀድሞ በእነዚህ ጥናቶች ላይ የአሜሪካ መንግሥት እጁ ነበረበት። የእኔ ዘመን ሰው አዲስ አበባ «ዩሲስ» ብሎ የሚያውቀው ቤተ መጻሕፍት ትዝ ይለዋል። የእሱ እናት መሥሪያ ቤት፣ የኢንፎርሜሽን ኤጀንሲው፣ አክራኦ እና ናፍሳ ለሚባሉት የባለሙያ ማኅበራት ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እነሱም ባለሙያ ወደ አንድ አገር ልከው፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት አዙረው፣ ናሙና ሰብስበው መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ወጪው ይበልጥ በአገልግሎት ክፍያና በዳታቤዝ ደንበኝነት ላይ ወደቀ።

ክፍያ ደግሞ ደንበኛ ያለበትን ይከተላል። ህንድና ቻይና ብዙ ተማሪ ይልካሉ፤ ስለእነሱ ያለው ጥናት ይታደሳል። በዓመት ጥቂት ፋይል ለሚመጣበት አገር ማን ይከፍላል? ይህን ስል ድርጅቶቹን እየወቀስኩ አይደለም። እኔም ሥራ አስኪያጅ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ስምምነቶችስ? አሉ፣ ጥሩም ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አገሮች ለከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ እርስ በርስ ዕውቅና የሚሰጡበት ስምምነት ጸደቀ፤ በ2019 ሥራ ላይ ዋለ። የዩኔስኮው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በመጋቢት 2023። መንፈሳቸው «ጉልህ ልዩነት እስካላሳየህ ድረስ ዕውቅና ስጥ» የሚል ነው። ግን ልዩነት መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ደመወዝና የአውሮፕላን ትኬት ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ሙያው የምትገቡ ከሆነ፣ ድንጋይ አምጪ ሁኑ። አንድ አገር ያዙ፤ የራሳችሁ ቢሆን ይሻላል፣ ጎረቤትም ይሁን። የኤርትራን ወይም የደቡብ ሱዳንን ወረቀት በደንብ የሚያነብ ሰው ብዙ አይደለም። ገንዘብ ስትጠይቁ ትንሽ ጠይቁ። «የምሥራቅ አፍሪካ የትምህርት ሥርዓት» የሚል ፕሮፖዛል ማንም አያነበውም። «የመምህራን ማሠልጠኛ ዲፕሎማ፣ ከዚህ ዓመት እስከዚያ ዓመት» በሉ። የትኬት፣ የስካን፣ የትርጉም ወጪውን በዝርዝር አስቀምጡ። የባለሙያ ማኅበራትን ጠይቁ፤ አለቃችሁን በሳምንት ግማሽ ቀን ለምኑ፤ ማስተርስ የምትማሩ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እዚህ ላይ አውሉት። የድሮ ተማሪዎች ማኅበር ያላችሁ ደግሞ፣ በየዓመቱ ለወንበርና ለኮምፒውተር ከምታዋጡት ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ የትምህርት ቤታችሁን የድሮ ካታሎግ ስካን አስደርጉ። ጡረታ የወጡ ሬጅስትራሮችን አነጋግሩ። እነሱ ሲያልፉ ማኅተሙ ለምን በዚያ ዓመት እንደተቀየረ የሚነግረን ሰው አይኖርም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ራሱ ኮሌጁ ከፍሎ ስለ ራሱ አጥኑልኝ ካለ፣ ውጤቱን የማየት እንጂ የመለወጥ መብት እንደሌለው ቀድማችሁ አጽፉ። ያልወደደውን ስትጽፉ በልቶ ወጪት ሰባሪ መባላችሁ አይቀርም። እኔም ተብያለሁ።

ምድር ቤቴ ውስጥ ሦስት ካርቶን አለ። የሰው ማስረጃ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ካታሎጎች፣ የፈተና ደንቦች፣ የፕሪፓራቶሪ መጻሕፍቱ፣ በእጄ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች። ባለቤቴ «ወይ ስጠው ወይ ጣለው» ካለችኝ ዓመት አልፏል። ሊሠራበት የሚፈልግ ልጅ ካለ ይምጣና ይውሰድ። መኪና ይዞ ይምጣ እንጂ፣ ከባድ ነው።