መልስ፦ ኬንያ በሁሉም ነገር ትበልጠናለች ወይ?

ወንድሜ፣ «ኬንያ በሁሉም ነገር ጥላን ሄዳለች፣ እውነት ነው?» ብለሃል። በገንዘቡ በኩል አዎ። የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከእኛ ይበልጣል። በስልክ ገንዘብ መላኪያውን ኤምፔሳን የጀመሩት በ2007 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፤ ቴሌብር የመጣልን በ2021። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ሻይ ጠጥተህ በስልክ ትከፍላለህ። ኬንያውያን ግን በ14 ዓመት ቀድመውናል። ማንበብና መጻፍ ላይም ገና ብዙ ይቀረናል።

ጤናው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አማካይ የዕድሜ ጣሪያችን ከኬንያ ይበልጣል። አንዱ ምክንያት ኤች አይ ቪ እነሱን ክፉኛ መጉዳቱ ነው። ሌላው በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። መንግሥት ደሞዝ እየከፈለ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። አክስቴ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ገጠር ነው የምትኖረው። የልጇ የክትባት ካርድ በፌስታል ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ባለሙያዋ እቤት ድረስ እየመጣች ነው ያስከተበችው። ይህን ማንም ቀላል ነገር ነው እንዲለኝ አልፈልግም።

ፋብሪካውን ካነሳን፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2017 ሲመረቅ ስንቱ ወጣት ተስፋ አድርጎ ነበር! በ2021 ጦርነቱ እዚሁ ደረሰ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከምንልክበት ዕድል፣ ከአጎዋ፣ አስወጣችን፣ ኬንያ ግን ቀጠለች። ልብስ ሰፍቶ ለሚልክ ከተማ ይህ ትልቅ ዱላ ነው። ስለዚህ ስታወዳድር ገቢውን ብቻ አትይ፤ ሰላሙንም ቁጠረው።