መልስ፦ ሀ ሁን ይወርዱታል፣ ‹በግ› ማንበብ ግን አልቻሉም

ሰላም መምህርት። «ተማሪዎቼ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳቱ ይወርዱታል፤ ሰሌዳ ላይ ‹በግ› ስጽፍ ግን ዝም» ያልሽው የእኔም ክፍል ታሪክ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንዷ ተማሪዬ፣ ‹ሎ› ላይ ጣቴን ሳስቀምጥ በሹክሹክታ ለ፣ ሉ፣ ሊ እያለች ቆጥራ ነበር የምትደርስበት። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀችውም።

እኔን የጠቀመኝ ቅደም ተከተሉን ማፍረስ ነው። የኔታዎች ከሀ ሁ በኋላ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ይመስለኛል፤ ልጁ በዜማ እንዳያመልጥ። የለስላሳ ቆርኪ ላይ በማርከር ጽፌ ፌስታል ውስጥ እከታለሁ። ልጁ ያወጣውን ያነባል፣ ከጎረቤቱ ቆርኪ ጋር ገጥሞ ቃል ይሠራል። 231ዱንም ባንዴ አታውጪ፤ ለ፣ መ እና በ ከነቤተሰባቸው ለሳምንት ይበቃሉ። ላም፣ ሎሚ፣ በላ፣ ሙሉ ከዚያው ይወጣሉ።

ከሁሉ የሚወዱት የታክሲ ጨዋታውን ነው። ካርቶን ላይ ቦሌ፣ ሳሪስ፣ ሜክሲኮ እጽፋለሁ፤ አንዱ ረዳት ሆኖ ያነሳሁትን ይጣራል። ከተሳሳተ ክፍሉ በሙሉ «ወራጅ አለ!» (ከጎን ክፍል ስሞታ ይመጣብሻል፣ ቻይው።)

ጽሕፈቱን አታስቸኩዪ። ቡ ላይ ቅጥያው ወገቡ ላይ፣ ቢ ላይ እግሩ ላይ መሆኑን በጣታቸው አየር ላይ ይጻፉት። ረ ግን አፈንጋጭ ነው፤ ሩ እና ሪን ለብቻ ያዢያቸው።