ሪስታርት ሲደረግ ማውንት የማይሆን ኤንኤፍኤስ

«ኡቡንቱ ሰርቨሬ ሪስታርት ሲሆን የኤንኤፍኤስ ፎልደሩ ባዶ ነው፤ ሱዶ ማውንት -ኤ ስል ግን ወዲያው ይመጣል» ላልከው ወንድሜ (ኤንኤፍኤስ የሌላ ሰርቨርን ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራ ዘዴ ነው፤ ማውንት ማለት ያንን ከራስህ ፎልደር ጋር ማገናኘት ነው)፦

በእጅህ ስታዝዘው ከሠራ፣ ኤፍኤስታብ (ማውንት የሚሆኑት የሚዘረዘሩበት፣ ማውንት -ኤ የሚያነበው ፋይል) ላይ የጻፍከው መስመር ትክክል ነው ማለት ነው። ኤንኤፍኤስ-ኮመን (የኤንኤፍኤስ ክላየንት ፓኬጅ) ተጭኗል፣ ፋየርዎሉም የኤንኤፍኤስን ፖርት 2049ን አልዘጋም። እነሱን አትነካካ። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው፤ ማውንቱ የሚሞከረው ሰርቨርህ አይፒ ሳያገኝ ነው።

ብዙ ሰው «_ኔትዴቭ ጨምር» (ኔትወርክ ይፈልጋል የሚል ኦፕሽን) ይልሃል። አይጎዳም፣ ግን ዓይነቱ ኤንኤፍኤስ ከተባለ ሲስተምዲ (ቡት ሲሆን ሰርቪሶችን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) የኔትወርክ መሆኑን ራሱ ያውቃል፤ እሱ የሚያስፈልገው እንደ አይስካዚ ላለ በኔትወርክ ለሚገናኝ ዲስክ ነው። ይልቅ ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ-ዌይት-ኦንላይን የሚባለው ሰርቪስ ኢነብል መሆኑን እይ። ቡት ያዘገያል ተብሎ ስለሚጠፋ፣ ኔትወርኩን የሚጠብቅ ሳይኖር ማውንቱ ይጀመራል። ኔትወርክማናጀር የምትጠቀም ከሆነ የራሱ ዌይት-ኦንላይን አለው። ፎልደሩን የሚያጋራውን ሰርቨር በአይፒ ሳይሆን በስም ጠርተኸው ከሆነ ደግሞ ዲኤንኤስ ሊዘገይ ስለሚችል ስሙን ሆስትስ ፋይል ውስጥ አስገባው።

እኔ የምመርጠው ግን መስመሩን እንዲህ ማድረግ ነው (ፋይሉ ላይ ስትጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል)፦

192.168.10.5:/ዳታ /ኤምኤንቲ/ዳታ ኤንኤፍኤስ ኖፌል,ኤክስ-ሲስተምዲ.ኦቶማውንት,ኤክስ-ሲስተምዲ.ማውንት-ታይምአውት=30 0 0

በኮማዎቹ መካከል ክፍት ቦታ አይኑር። ኦቶማውንት ፎልደሩ መጀመሪያ ሲነካ ብቻ ስለሚያገናኝ ቡቱ ማንንም አይጠብቅም።

ኖፌልን ብቻውን አትተው። ማውንቱ ካልተሳካ ሰርቨሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፤ የባክአፕ ስክሪፕትህም ባዶው ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም በራሱ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ይጽፋል። በኋላ ማውንት ሲሆን የተጻፈው ከሥር ይደበቃል። ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ዲስኩ ሞልቷል ይላል፣ ዲዩ (የፋይሎችን መጠን የሚደምረው) ፋይሉን አያገኘውም፣ አንተም ስትፈልግ ትውላለህ። ኦቶማውንት ካለ ግን መጻፉ በኤረር ይቆማል። በማውንቱ ላይ ለተመሠረተ ሰርቪስ ዩኒት ፋይሉ (ሲስተምዲ ሰርቪሱን የሚያስነሳበት ፋይል) ውስጥ ሪኳየርስማውንትስፎር=/ኤምኤንቲ/ዳታ ጨምርበት።

ሶፍት የሚለውን ኦፕሽን (መልስ ሲጠፋ ተስፋ ቆርጦ ኤረር የሚሰጥ) የሚጻፍበት ፎልደር ላይ አታድርግ፤ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ጽሑፉ በመሃል ተቆርጦ ዳታ ይበላሻል። ዲፎልቱ ሃርድ (መልስ እስኪመጣ ደጋግሞ የሚሞክር) ነው፣ ተወው። ታይሞ የሚባለው ኦፕሽን (መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ) ቁጥሩ የሚቆጠረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ስለሆነ 600 ማለት 60 ሰከንድ ነው።

መስመሩን ከቀየርክ በኋላ አሁን ያለውን አንማውንት አድርግ፣ ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ በል፣ ከዚያ ሪሞት-ኤፍኤስ.ታርጌትን ሪስታርት አድርግ። ፋይንድማውንት (ማውንት የሆኑትን የሚያሳይ ትዕዛዝ) ላይ መጀመሪያ አውቶኤፍኤስ (የኦቶማውንቱ ምልክት) ብቻ ቢታይህ አትደንግጥ፤ ፎልደሩን በኤልኤስ ስትከፍተው ኤንኤፍኤስ4 ይጨመርበታል።