የረቡዕ ጸሎት፦ «ጸልዪ ቢሉኝስ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ለሥራ ጅማ ከገባሽ ገና አንድ ወርሽ ነው። የረቡዕ ማታውን ጸሎት ብትፈልጊውም፣ ድምፅ አውጥተሽ መጸለይ ስለምትፈሪ እንደቀረሽ ጽፈሻል። ስሜቱን በደንብ አውቀዋለሁ።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ያ የጅማ ዝናብ ይወርድ ነበር። ከባጃጅ ወርጄ፣ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዲት እናት ምንም ሳይሉ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ወደ እኔ አስጠግተው የሚነበበውን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። የዚያን ቀን ትንፍሽ አላልኩም። «ምነው ዝም አልሽ?» ያለኝም የለም።

አካሄዱ ቀላል ነው። ይዘመራል፣ ምዕራፍ ይነበባል፣ የገባው ያካፍላል፣ ከዚያ የጸሎት ርዕስ ተሰብስቦ ይጸለያል። ተራሽ ከደረሰ «አሜን» ብለሽ ማሳለፍ ትችያለሽ።

እስቲ የሐዋርያት ሥራ 12ን አንብቢው። ጴጥሮስ ታስሮ ሳለ ብዙዎች በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ተፈትቶ መጥቶ ሲያንኳኳ ግን ሮዴ የምትባል የቤቱ ገረድ «ጴጥሮስ በር ላይ ነው» ብትላቸው አላመኑም! እምነታቸው እንደኛው ደካማ ነበር። ቢሆንም መጥተው ጸለዩ። በደርግ ጊዜም ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ አማኞች እንዲህ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተሰበሰቡ ነው የቆዩት።

ብቻ ከመሸ ብቻሽን አትመለሺ። ሰፈርሽን ለመሪው ንገሪው፤ በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ጃንጥላም ያዢ።