ላፕቶፔ ላይ የሚሠራው ዴብ ፋይል ላብ ላይ ለምን እምቢ አለ?

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድሜ ሰላም ነው? ኡቡንቱ 24.04 ባለው ላፕቶፕህ ላይ የሠራኸው የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ዴብ ፋይሉ (የኡቡንቱ መጫኛ ፓኬጅ) አንተ ጋ ያለምንም ችግር ይጫናል፣ የትምህርት ቤቱ ላብ ውስጥ ያሉት 22.04 ማሽኖች ግን "ሊብሲ6 2.38 ወይ ከዛ በላይ ካልሆነ" ብለው እምቢ አሉኝ፣ ሊብሲውን ከላፕቶፔ ኮፒ አድርጌ ላስገባባቸው ወይ ነው ያልከው። ኧረ በፍጹም እንዳታደርገው! ሊብሲ6 ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው፣ ማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ላይ ነው የቆመው፣ ከተበላሸ ትዕዛዝ የምትጽፍበት ባሽ እንኳን አይከፈትልህም።

ኮድህ ምንም አልሆነም። 22.04 ይዞት የሚመጣው ጂሊብሲ (ያው ሊብሲ6 ነው) 2.35 ነው፣ 24.04 ደግሞ 2.39፣ እና አዲሱ ላይ ኮምፓይል ስታደርግ (ኮድህን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስትቀይር) ፕሮግራሙ አሮጌው ውስጥ የሌሉ ፈንክሽኖችን የሚፈልግ ሆኖ ይወጣል፣ ፓኬጅ የሚሠራው ቱል እሱን አይቶ ነው 2.38 ብሎ ዲፔንደንሲ (ፓኬጁ የሚያስፈልጉት ነገሮች ዝርዝር) ውስጥ የጻፈብህ። ስለዚህ እዛው ላፕቶፕህ ላይ ንጹህ የ22.04 ክፍል፣ ማለትም የራሱ 22.04 ያለበት የተለየ ፎልደር፣ ከፍተህ ቢልዱን (ፓኬጁን የመሥራቱን ሥራ) እዛ ውስጥ አድርገው።

እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ የምጠቀመው ፒቢዩልደርን ነው፣ እንዲህ ያለ ክፍል ከፍቶ ፓኬጅ የሚሠራ ቱል ነው። ጫነውና ክሪየት ስትለው ዲስትሪቢዩሽኑን ጃሚ በለው፣ የ22.04 ስሙ ነው። ኮምፖነንትስ (የኡቡንቱ ፓኬጆች ምድብ) የሚለው ላይ ከሜይን ጋር ዩኒቨርስንም ጨምር፣ ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና ላይብረሪው አልተገኘም ሲለው ቀኑን ሙሉ ይደክማል። ከዛ ቤዝ የሚባል አንድ የታሸገ ፋይል ይሠራልሃል፣ በቢልድ ቁጥር እሱን ፈትቶ ይሠራበትና ሲጨርስ የፈታውን ያጠፋዋል። ዶከርም ይሆናል፣ እሱም ኮንቴነር የሚባል የተለየ ክፍል ይከፍታል፣ ግን አንዱን ኮንቴነር ደጋግመህ ከተጠቀምክበት ያው እንደ ላፕቶፕህ ይቆሽሻል።

የመጀመሪያው ቢልድ ምናልባት ይወድቅብሃል፣ እንዳትደነግጥ። ጎጆ የወጣ ሰው ጨው እንኳን እንደሌለው የሚያውቀው ወጥ ሲጥድ አይደል? አንተም ላፕቶፕህ ላይ ድሮ የጫንከው የዜድሊብ (የዳታ መጭመቂያ ላይብረሪ) ዴቭ ፓኬጅ፣ ማለትም ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልጉ ፋይሎቹ፣ ሊኖር ይችላል፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ግን የለም፣ እና "ዜድሊብ ነጥብ ኤች፣ የለም" ብሎ ይቆማል። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ገብተህ በእጅህ እንዳትጭነው፣ ኮንትሮል ፋይሉ (የፓኬጁ መግለጫ) ላይ ቢልድ ዲፔንድስ የሚለው ጋ ጻፈው። ሌላው ደግሞ ፒቢዩልደር ቢልድ ላይ እያለ ኢንተርኔት ይዘጋል፣ ሜክፋይልህ (የቢልዱ ትዕዛዞች ያሉበት ፋይል) ከኔት የሚያወርደው ነገር ካለ ቀድመህ ሶርሱ (የኮድህ ፎልደር) ውስጥ አስገባው።

የዳታው ነገር እንደሚያሳስብህ አውቃለሁ። አንዴ የወረዱት ፓኬጆች ቫር ካሽ ፒቢዩልደር ውስጥ ኤፒቲካሽ የሚባል ፎልደር ላይ ይቀመጣሉ፣ ድጋሚ አያወርድም፣ ግን ፒቢዩልደር ክሊን ካልከው ያንንም አብሮ ይጠርገዋል! መብራት መሃል ላይ ጠፍቶብህ ትርፍራፊ ከቀረ ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ ቢልድ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ብቻ አጥፋ፣ ከማጥፋትህ በፊት ግን ማውንት የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥተህ እዛ ውስጥ የተያያዘ ሌላ ፎልደር ወይ ዲስክ እንደሌለ እይ። እኔ በእጄ በሠራሁት ችሩት (እንዲህ ያለ የተለየ ክፍል) ውስጥ ሆም ፎልደሬን ማውንት አድርጌ (አያይዤ) ረስቼው ፎልደሩን አርኤም (አጥፋ) ብዬ የስንት ወር ሥራዬን አጥቻለሁ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይሄ ክፍል ንጽህናን እንጂ ደህንነትን አይጠብቅልህም፣ ሩት የሆነ (ሙሉ ሥልጣን ያለው) ፕሮግራም ከችሩት ሊያመልጥ ስለሚችል ከማታውቀው ሰው የመጣ ሶርስ እዛ ውስጥ እንዳትሠራ።

ሲያልቅ ዴቡ ሪዘልት የሚለው ፎልደር ውስጥ ይጠብቅሃል። ዲፔንደንሲው ላይ የሊብሲ6 ቁጥር 2.35 ወይ ከዛ በታች መሆኑን እይና መጀመሪያ አንድ የላብ ማሽን ላይ ብቻ ሞክረው፣ እምቢ ካለ የሎጉን የመጨረሻ ሃያ መስመር ላክልኝ።