ቀኑ ደርሶ ነው ከማለታችሁ በፊት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለምትኖሩ፣ በተለይም ወደ አቪዬሽን ሙያ ለመግባት ለምታስቡ ልጆቼ፤

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በአውሮፕላን ጥገና ነው። ጡረታ ወጥቼ መኖሪያዬን ጣና ዳር ካደረግሁ ወዲህ ሙያዬን የሰሙ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ፣ አውሮፕላን ለምን እንደሚወድቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ራሳቸው የሚሰጡት መልስ ነው። ግማሾቹ «ቀናቸው ደርሶ ነዋ፣ ሌላ ምን ይባላል» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «አብራሪው አጥፍቶ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ሁለቱም መልሶች ፈጥነው የሚመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ምርመራውን ገና ሳይጀምር እንዲያቆም ያደርጋሉ።

«ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለውን ቃል አልንቀውም። እኔም አማኝ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ለሐዘንተኛ ይህንኑ ብያለሁ፣ ወደፊትም እላለሁ። ነገር ግን የቃሉ ቦታ ለቅሶ ቤት ነው። ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ፣ በበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ላይ፣ በአደጋ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ይህ ቃል ከገባ፣ ነገ ሊድን የሚችለውን ሰው ከወዲሁ ለሞት አሳልፎ መስጠት ይሆናል። እዚሁ በከተማችን የደረሰውን አንስቼ ላስረዳችሁ።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 104 ሰዎችን አሳፍሮ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመብረር ተነሣ። ገና ከመሬት እየለቀቀ ሳለ የርግብ መንጋ መካከል ገባ፤ ርግቦቹም በሁለቱም ሞተሮች ተሳቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ በሚጥሩበት ጊዜ ደከመ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ መሬት ላይ ወረደ፣ እሳትም ተነሣ። 35 መንገደኞች ሞቱ፤ 69 ሰዎች ተረፉ። እናንተ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ግን የሚያስታውሱ አይጠፉም።

ርግብ በሰማይ መብረሯን ማን ይከለክላታል? ስለዚህ ይህ አደጋ የቀን ጉዳይ ለመምሰል ከሌሎቹ ሁሉ የቀረበ ነው። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። የጄት ሞተር አየርን በፊቱ ስቦ፣ በተደራረቡ የሚሽከረከሩ ስለቶች አምቆ፣ ከነዳጅ ጋር አቃጥሎ ወደ ኋላ ይገፋል። አንድ ወፍ ሲገባ ስለቱን ሊያጣምም ይችላል፤ መንጋ ሲገባ ግን የአየሩ ፍሰት ራሱ ይታወካል፣ ሞተሩም ይታፈናል። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩ በዝቅተኛ ቦታ የሚሰጠውን ያህል ኃይል አይሰጥም፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ ርቀት ያኮበኩባል። ወፍ የሚመታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሚነሣበትና በሚያርፍበት ሰዓት ነው፤ ይህም አብራሪው ከፍታም ጊዜም የሌለው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 ኒውዮርክ ላይ ዝይዎች የአንድ ኤርባስ ሁለቱንም ሞተሮች ባጠፉበት ጊዜ 155ቱም ሰዎች የተረፉት በአብራሪዎቹ ብቃት ብቻ ሳይሆን ሰፊው የሃድሰን ወንዝ ከፊታቸው ተዘርግቶ ስለተገኘም ጭምር ነው።

ወፉ ለምን እዚያ ተገኘ ብላችሁ ስትጠይቁ ደግሞ በሰው እጅ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ወፍ የሚመጣው ምግብ፣ ውሃና ማደሪያ ፍለጋ ነው። በማኮብኮቢያው ዳር ያለው ሣር ቁመቱ፣ ፍሬ ማፍራቱና ነፍሳት መያዙ፣ ዝናብ ያቆረበት ጉድጓድ፣ ርግብ የምትፈለፍልበት የጣሪያ ሥር ክፍተት፣ ከአጥሩ ውጭ የተጣለ ቆሻሻ፣ እነዚህ ሁሉ ለክተንና አስተካክለን ልንቀንሳቸው የምንችላቸው ነገሮች ናቸው። ጣና በወፎቹ የታወቀ ሐይቅ ነው፤ ፔሊካኑም ዳክዬውም የከተማችን ጌጥ ነው፣ ማንም እንዲያባርራቸው አልመክርም። ነገር ግን የዓሣ ሆድቃና የሥጋ ቤት ትራፊ በሜዳ ላይ ሲጣል አሞራና አባ ኮዳ ይሰበሰባል፤ እነዚህ ትልልቅና ከባድ ወፎች በአውሮፕላን መንገድ ላይ ሲያንዣብቡ ማየት ለእኔ ትልቅ ጭንቀት ነው። በአየር ማረፊያው አካባቢ የምትኖሩ ቆሻሻ አትጣሉ፣ የሚጥለውንም በትሕትና ተናገሩት። ድሮን የምታበሩም ብትኖሩ ከዚያ አካባቢ ራቁ። ይህን ለማድረግ አብራሪም መካኒክም መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ፣ ጥፋተኛን ወደ መጠቆሙ ልለፍ። በሙያዬ ምክንያት ብዙ ጊዜ የማስተምርበት አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1990 ከበርሚንግሃም የተነሣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከ5000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳለ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስታወት ተገንጥሎ ሄደ። ካፒቴኑ ከወገቡ በላይ በመስኮቱ ወጥቶ ተንጠለጠለ፤ የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው ቆዩ፣ ረዳት አብራሪውም ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈ። በእግዚአብሔር ቸርነት ሁሉም፣ ካፒቴኑም ሳይቀር፣ ተረፉ። መርማሪዎች ወደ ኋላ ሲሄዱ ያገኙት ነገር ከበረራው በፊት መስታወቱ መቀየሩን ነው። መስታወቱን የያዙት ብሎኖች 90 ሲሆኑ፣ 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ልዩነት የቀጠነ ነበር፤ የቀሩት ስድስቱ ደግሞ አጠሩ። የዚያ አውሮፕላን መስታወት የሚገጠመው ከውጭ በኩል በመሆኑ፣ ከፍታ ላይ ከውስጥ የሚገፋውን አየር የሚቋቋሙት ብሎኖቹ ብቻ ነበሩ።

«እንግዲያው ጥፋተኛው ብሎኑን የገጠመው ሰው ነው» ትላላችሁ። አዎ፣ አዲሱን ብሎን ከአሮጌው ጋር በዓይኑ አስተያይቶ መረጠ፤ የመለዋወጫውን መዝገብ አላየም። ይህ ስሕተት ነው፣ ስሕተትም መባል አለበት። ነገር ግን እዚያ ላይ ካቆማችሁ የቀረውን ሁሉ ታጣላችሁ። ሰዓቱ ሌሊት ነበር፤ የፈረቃው ኃላፊ ሰው ስላነሰው ሥራውን ራሱ ያዘ። ከመስታወቱ ላይ የወጡት የቀድሞዎቹ ብሎኖችም ራሳቸው ትክክለኞቹ አልነበሩም። ሥራው ካለቀ በኋላ ሌላ ሰው እንዲያየው የሚያስገድድ ደንብ አልነበረም። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ለዚያ መስታወት የሚሆነው ብሎን የትኛው እንደሆነ ነግሮት ነበር፤ ነገር ግን አጥብቆ አልተከራከረም። ሰውየውን ብቻ ብትቀጡት እንቅልፍ ያጣው ሌሊት፣ የጎደለው ሁለተኛ ዓይንና ያልተደመጠው የዕቃ ቤት ሰው እንዳሉ ይቀራሉ፤ በሌላ ሌሊት፣ በሌላ ሰው እጅ ያው ነገር ይደገማል።

እኔ የማውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። በሠራሁበት በአንድ ሃንጋር የእያንዳንዱ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ለመፍቻው፣ ለካቻቪቴው፣ ለፒንሳው በቅርጻቸው የተቆረጠ ማስቀመጫ ነበር፤ የጎደለው ባዶ ሆኖ ወዲያው እንዲታይ ነው። አንድ ምሽት ፈረቃ ሊያልቅ ሲል፣ ከትምህርት ቤት ከወጣች ብዙም ያልቆየች ልጅ ሳጥኗን ስትዘጋ አንድ አነስተኛ መፍቻ ጎደላት። መንገደኞች ተሳፍረው ሊነሡ ነው፤ አለቃው ይጣደፋል፤ «ነገ ይገኛል» የሚሉም ነበሩ። እርሷ ግን ወረቀቱ ላይ አልፈርምም አለች። የተከፈተው ክፍል ሁሉ በባትሪ ብርሃን ተፈተሸ፣ በረራውም ዘገየ። መፍቻው በመጨረሻ የተገኘው ሌላ ሠራተኛ ቱታ ኪስ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ባለመገኘቱ አንዳንዶች አጉረመረሙባት። እኔ ግን ዛሬም የምለው ያው ነው፦ መፍቻው የትም ይገኝ፣ የት እንዳለ ሳይታወቅ ያ አውሮፕላን መነሣት አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1996 የፔሩ አውሮፕላን ሲታጠብ የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሣ ቀርቶ፣ አብራሪዎቹ በሌሊት ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን ማወቅ ተስኗቸው ባሕር ውስጥ ገብተዋል፤ የነበሩት 70 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። የተረሳው ፕላስተር ብቻ ነው።

የዚያችን ልጅ ድፍረት ያነሣሁት በእኛ አስተዳደግ ውስጥ ቀላል ስላልሆነ ነው። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፤ አንቱ የምንለውን ሰው በሰው ፊት ማረም ነውር ነው። ይህን ባህል እወደዋለሁ፣ እንድትጥሉትም አልፈልግም። ግን በሌሎች አገሮችም ለታላቅ ማፈር ሰው እንደገደለ እወቁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የሆላንዱ አውሮፕላን ካፒቴን በድርጅቱ እጅግ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር። የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ ማኮብኮብ ሲጀምር የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ሲመልስለት ዝም አለ። ሬዲዮው ላይ ሁለት ሰዎች እኩል በመናገራቸው መልእክቱ በጩኸት ተውጦ ነበር፤ ማረፊያውም በሌላ ቦታ ቦምብ ፈንድቶ በተዛወሩ አውሮፕላኖች ተጨናንቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ አነጋገሩ ተስተካከለ፣ የበረራ ሠራተኞችም ታናሹ እንዲናገር ታላቁም እንዲያዳምጥ መሠልጠን ጀመሩ። እናንተም አክብሮታችሁን ሳትጥሉ ልትናገሩ ትችላላችሁ። «ጋሼ፣ ይህ ብሎን ከመመሪያው ቁጥር ጋር አልገጠመልኝም፤ እባክዎ አብረን እንየው» ማለት ስድብ አይደለም። መልስ ካላገኛችሁ ደግማችሁ በሉት፤ ሦስተኛ ጊዜ በጽሑፍ አድርጉት።

አንዳንዱ ምክንያት ደግሞ ከእናንተም ከአለቃችሁም እጅ ርቆ፣ አውሮፕላኑ በተነደፈበት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው አውሮፕላናችን 157 ነፍሳትን ይዞ ሄደ። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት ኢንዶኔዢያ ላይ በዚያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው የኮምፒውተር ሥርዓት በአንድ ሴንሰር (መለኪያ መሣሪያ) መረጃ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር፤ ያ ሴንሰር ሲሳሳት ሥርዓቱ አብራሪዎቹን ደጋግሞ ታገላቸው። ያኔ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ለመቀሰር የተጣደፉ ነበሩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የመጀመሪያው አደጋ «የአብራሪ ስሕተት» በሚል ሹክሹክታ ባይሸፋፈን ኖሮ ሁለተኛው ይደርስ ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

የአደጋ ምርመራ ዓለም አቀፍ ደንብ ዓላማው ወቀሳንና ተጠያቂነትን ማከፋፈል እንዳልሆነ፣ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል ብቻ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ይህ ማለት ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ ጠጥቶ ሥራ የገባና ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ የፈረመ በሕግ ይጠየቅ። ነገር ግን ስሕተቱን በራሱ አንደበት የተናገረን ሠራተኛ የሚቀጣ ድርጅት የሚያተርፈው ዝምታን ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚደረገው ጩኸትም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አለቃ የምትሆኑበት ቀን ሲመጣ ይህን አስቡ።

ወደ ሙያው ለመግባት የምታስቡ ፊዚክስንና መለኪያን በደንብ ተማሩ፤ የጥገና መመሪያዎች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋውን በሽምደዳ ሳይሆን በመረዳት ያዙት። የሠራችሁትን በሚነበብ ጽሑፍ መዝግቡ፤ ያላያችሁትን አይተናል ብላችሁ አትፈርሙ። ተሳፋሪ ብቻ ለምትሆኑትም አንድ ነገር፦ አስተናጋጇ ስትናገር ስልካችሁን ዝጉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወረደው የተጠለፈ አውሮፕላናችን ውስጥ የሕይወት ጃኬታቸውን ገና ከመውጣታቸው በፊት ነፍተው መውጫ ያጡ ነበሩ። ጃኬቱ የሚነፋው ከበሩ ሲወጣ ነው። አውሮፕላን ለቃችሁ ውጡ ስትባሉም ሻንጣችሁን ተዉት።

የአደጋ ምርመራ ሪፖርቶች ብዙዎቹ ለሕዝብ የሚለቀቁ ናቸው፤ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ በቡድን ብታነቧቸው እመክራለሁ። የምክንያቱን ገጽ መጀመሪያ አትክፈቱት። የጥገናውን ታሪክ፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የፈረቃውን ሰዓት፣ የተነጋገሩትን ቃል አንብባችሁ በራሳችሁ ምክንያቱን ጻፉ፤ ከዚያ ከመርማሪዎቹ ጋር አስተያዩት። ከየት እንጀምር ካላችሁ የ1990ውን፣ የብሎኖቹን ሪፖርት ያዙ፤ ረጅም ቢሆንም ቋንቋው አይከብድም።